ገመዱ ለምን ተበጠሰ?

(የካምፓችን የሙያ ማሠልጠኛ የመኪና ጥገና ሠልጣኞች ሲመረቁ በአሠልጣኞች ስም የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ስለ ትዕግሥትና ስለ ተስፋ ብዙ እንደሚነገራችሁ እናውቃለን። እኛ የምንናገረው ግን ስለ አንድ የተበጠሰ ገመድ ነው። በግቢያችን ስትፈቱትና ስትገጥሙት የከረማችሁት አሮጌ ቮልስዋገን ምስክራችን ይሁን።

እንደምታውቁት የዚህ መኪና ሞተር ከኋላ ነው። የፍሪሲዮኑ ፔዳል ሲረገጥ ኃይሉ ወደ ኋላ የሚተላለፈው በዘይት ግፊት ሳይሆን በአንድ የብረት ገመድ ነው። ገመዱ ከፔዳሉ ዘንግ መንጠቆ ይነሣና በወለሉ መካከል ባለው ዋሻ ውስጥ በቀጭን ቱቦ ያልፋል። ከዚያም በተጣጣፊ ሽፋን ውስጥ አልፎ፣ ከካምቢዮው በስተግራ ካለው የፍሪሲዮን ክንድ ጋር በባለ ክንፍ ዳዶ ይታሠራል።

ወደ ስደት ከመምጣታችን በፊት በአዲስ አበባ በአንድ ጋራዥ በረዳትነት እንሠራ ነበር። አንድ ጡረተኛ አባት ቮልሳቸውን ይዘው መጡ። ማርሽ አልገባ ብሏቸዋል፤ በተለይ የኋላ ማርሽ ሲያስገቡ ይንጫጫል። ገመዱ ሳስቶ አገኘነውና በአዲስ ቀየርን፤ ሒሳባችንንም ተቀበልን። ከጥቂት ወራት በኋላ ተበጠሰ፤ እንደገና ቀየርን። ያም ተበጠሰ፤ ሦስተኛ አስገባን። ሦስተኛው የተበጠሰው ባለቤታቸውን ሐኪም ቤት ሊያደርሱ ሲሄዱ በመንገድ መካከል ነበር። መንገደኞች መኪናውን ገፍተው ዳር አወጡላቸው፤ ሕመምተኛዋም በታክሲ ሄዱ። በማግሥቱ ሲመጡ አልተቆጡም። «ልጆቼ፣ ገመድ ነው የምትሸጡልኝ ወይስ መኪና ነው የምትጠግኑልኝ?» ብቻ አሉን። እንደዚያን ቀን አፍረን አናውቅም።

ያን ጊዜ ዋናው መካኒክ አንዳችን ፔዳሉን እንድንረግጥ፣ ሌላችን ከኋላ ሆነን ከዋሻው የሚወጣውን የቱቦ ጫፍ እንድንመለከት አዘዘን። ቱቦው ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ወዲያና ወዲህ ይል ነበር። ከውስጥ የያዘው ብየዳ ለቅቋል ማለት ነው። እኛ ሦስት ጊዜ የቀየርነው ጥፋተኛውን ሳይሆን ተበዳዩን ኖሯል። ብየዳው በለቀቀበት አንጻር ዋሻው ላይ ትንሽ መስኮት ተከፈተ፤ ቱቦው ወደ ቦታው ተመልሶ ተበየደ፤ እንዲጠነክርም ቁራጭ ላሜራ ተጨመረበት። የድካማችንን ዋጋ አልጠየቅንም።

ስለዚህ ተመሳሳይ ሥራ ሲመጣላችሁ በቅደም ተከተል ተመልከቱ።

አንደኛ፣ የፔዳሉን ዘንግ። ግራሶው ከደረቀ ፔዳሉ ይከብዳል። መንጠቆው ከተበላ ገመዱ ሊወልቅ ይችላል።

ሁለተኛ፣ የተናገርነውን የቱቦውን ብየዳ።

ሦስተኛ፣ ተጣጣፊውን ሽፋን። ከ25 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ጎበጥ ማለት አለበት። ቀጥ ካለ መኪናው ሲነሣ ይንቀጠቀጣል። ጉብጠቱ የሚስተካከለው ሮንዴላ በመጨመር ወይም በመቀነስ ነው።

አራተኛ፣ የፔዳሉን ባዶ ጉዞ። ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ባዶ ጉዞ ከሌለው ኩሽኔታው ዘወትር ተጭኖ ያልቃል፤ ዲስኩም ይንሸራተታል። ከበዛ ደግሞ ፍሪሲዮኑ በሚገባ አይለቅም። ዳዶውን ስታዞሩ ገመዱ እንዳይጠመዘዝ ጫፉን በፒንሳ ያዙ።

አንድ ነገር አደራ እንላለን። በዚያው ዋሻ ውስጥ የቤንዚን ቱቦም ያልፋል። የት እንደሚያልፍ ሳታረጋግጡ፣ ቤንዚኑ ወርዶ መሥመሩ ሳይጸዳ፣ ባትሪው ሳይፈታ፣ ወንበሩና ምንጣፉ ሳይወጣ፣ እሳት ማጥፊያም ሳይቀርብ መቁረጫም ሆነ መበየጃ አታንሡ። በክሪክ ብቻ የተነሣ መኪና ሥርም አትግቡ። ሥራ ይዘገያል እንጂ ሕይወት አይመለስም።

አንዳንዶቻችሁ «እዚህ ካምፕ ቮልስ የሚነዳ ማን አለ?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ውኃና እህል ጭነው ሲመላለሱ የምታዩአቸው የኪራይ ሞተር ብስክሌቶች ፍሪሲዮንም በገመድ የሚሠራ ነው። ባለ ሞተሩ ገመዱ ተበጥሶ ሲመጣ ሌላ ገመድ ሸጦ መሸኘት ቀላል ነው። እርሱ ግን በዚያች ሞተር ቤተሰብ ያስተዳድራል፤ የሚከፍላችሁም ሽልንግ ከልጆቹ እራት ላይ ተቀንሶ ነው። ስለዚህ ገንዘቡን ከመቀበላችሁ በፊት ገመዱ ለምን እንደተበጠሰ ፈልጉ፤ ያገኛችሁትንም አሳዩት። ካላገኛችሁ «አላገኘሁም» በሉት፤ ይህ አያሳፍርም። እኛን ያሳፈረን ሳንፈልግ ማስከፈላችን ነው።

ውድ ሠልጣኞች፣ ስደተኛ ባለሙያ ሱቅ ባይኖረው፣ ካፒታል ባይኖረው ስም አለው። ወደ አገሩ ቢመለስም፣ ወደ ሦስተኛ አገር ቢሄድም፣ እዚሁ ቢቆይም አብሮት የሚሄደው እርሱ ነው። ስማችሁን ጠብቁ።

መልካም የሥራ ዘመን ይሁንላችሁ።