ዘንጉን የለወጠው ሳተላይት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ፈታይ እንዝርቷን በጣቷ አሹራ ስትለቃት፣ እንዝርቷ ለጥቂት ጊዜ በራሷ ትሾራለች። ከእጅ ከወጣች በኋላ የሚያሾራት ነገር የለም፤ የሚያቆማት ግን አለ፤ ይኸውም የአየሩ ግጭትና የክሩ መጠምዘዝ ነው። እነዚህ ባይኖሩ ኖሮ መሾሯን ባላቋረጠች ነበር። የፊዚክስ ሊቃውንት ይህን ሳይጎድል የሚዘልቅ መጠን አንጉላር ሞመንተም ይሉታል፤ በአማርኛ የሽክርክሪት ሞመንተም ቢባል ያስኬዳል። መጠኑ የሁለት ነገሮች ብዜት ነው። አንደኛው አካሉ የሚሾርበት ፍጥነት ሲሆን፣ ሁለተኛው አካሉ መሾርን የሚቃወምበት ልክ፣ ማለትም ኢነርሺያው ነው። ይህም በክብደቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ክብደቱ ከሚሾርበት ዘንግ በመራቁና በመቅረቡ ይወሰናል። ስለሆነም ከውጭ የሚያዞር ኃይል ካልነካው በቀር፣ የሚሾር አካል ክብደቱን ወደ ዘንጉ ሲሰበስብ ይፈጥናል፤ ሲዘረጋ ይዘገያል፤ ብዜቱ ግን እንዳለ ይኖራል። በበረዶ ላይ እጇን ሰብስባ የምትሾረው ተንሸራታች በየመማሪያ መጽሐፉ ስለምትገኝ እዚህ መደገም አያስፈልጋትም።

መጻሕፍቱ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው የሚያልፉት ሌላ ነገር አለ። ሕጉ የሽክርክሪቱን ሞመንተም ይጠብቃል እንጂ፣ የመሾሩን ኤነርጂ እጠብቃለሁ አላለም፤ አካሉ በየትኛው ዘንጉ እንደሚሾርም ዋስትና አልሰጠም። ይህ ልዩነት የቃላት ጉዳይ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ የአሜሪካን የመጀመሪያ ሳተላይት ታሪክ ያስታውሷል።

ኤክስፕሎረር 1 የተተኮሰው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 1958፣ በእኛ አቆጣጠር ጥር 23 ቀን 1950 ዓ.ም. ሌሊት፣ ከኬፕ ካናቨራል ነበር። ሳተላይቱ የመጨረሻውን ሮኬት ባዶ ቀፎ ጨምሮ 2 ሜትር ያህል ርዝመት፣ 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት፣ 14 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ያለው፣ እርሳስ የመሰለ ቀጭን አካል ነበር። ሮኬቶቹ አቅጣጫቸውን እንዳይስቱ ሲባል እንደ ጥይት በቁመት ዘንጋቸው በደቂቃ እስከ 750 ዙር እንዲሾሩ ተደርጎ ስለነበር፣ ሳተላይቱም ያንኑ ሽክርክሪት ይዞ ወደ ምሕዋሩ ገባ። በዚያ ከፍታ አየሩ እጅግ ሳስቷል፤ የሚያቆመው ክርም የለም። እንግዲህ በሕጉ መሠረት በዚያው ዘንግ እየሾረ ይኖራል ተብሎ ቢጠበቅ የሚያስነቅፍ አልነበረም።

ነገር ግን የሆነው ሌላ ነው። ምድርን ገና አንድ ጊዜ ዞሮ ሳይጨርስ ሽክርክሪቱ ተበላሽቶ ነበር፤ የሬዲዮ ምልክቱም እየጠራ እየደበዘዘ ይሰማ ጀመር። እንደ ጥይት ይሾር የነበረው ሳተላይት፣ መካከሉን ተይዞ እንደሚሽከረከር በትር ጫፍና ጫፉን እያገላበጠ መዞር ጀምሮ ነበር።

ከውጭ ማን ገፋው? ማንም አልገፋውም። ምክንያቱ ከጎኑ ወጥተው የተዘረጉት አራት ተጣጣፊ የሽቦ አንቴናዎች ነበሩ። ሊዮናርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1765 ባሳተመው መጽሐፍ የተነተነው የግትር አካልን ሽክርክሪት ነበር፤ ከእኵልታዎቹ እንደሚወጣው፣ እንዲህ ያለ አካል ኢነርሺያው ከሁሉ በሚያንስበትም ሆነ ከሁሉ በሚበልጥበት ዘንግ ጸንቶ ሊሾር ይችላል። (በመካከለኛው ዘንግ ግን አይጸናም፤ የክብሪት ቀፎ በሦስቱ ዘንጎቹ እያሾሩ ወደ ላይ መወርወር ይህን ለማየት ይበቃል።) ኤክስፕሎረር 1 ግን ግትር አልነበረም። ሳተላይቱ ትንሽ በተወዛወዘ ቁጥር ሽቦዎቹ ይጎብጣሉ፤ በጎበጡ ቁጥር ጥቂት ኤነርጂ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ሞመንተሙ የሚያመልጥበት መንገድ ሳያገኝ፣ ኤነርጂው ብቻ እየሾለከ ይሄዳል። ሞመንተሙ ካልተለወጠ ደግሞ፣ የመሾሩ ኤነርጂ የሚያንሰው ኢነርሺያው ሲበዛ ነው። ስለዚህም ሳተላይቱ ያለው መሄጃ አንድ ብቻ ነበር፤ ኢነርሺያው ከሁሉ ወደሚበልጥበት፣ ወደ አግድም ዘንጉ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ሳተላይቱ ወጥ በትር ነው ተብሎ ቢታሰብ፣ በአግድም ያለው ኢነርሺያ በቁመት ካለው መቶ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ በደቂቃ 750 ዙር የነበረው ፍጥነት ወደ 7 ዙር ይወርዳል፤ ከኤነርጂውም ከመቶ 99 እጁ ይጠፋል። ይህ ሁሉ የጠፋ ኤነርጂ ግን ቢመዘን፣ ያንኑ 14 ኪሎ ሳተላይት ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከማንሳት አይበልጥም። ሙቀት ሆኖ በሽቦዎቹ ውስጥ ሲያልፍ የሚያስተውለው አልነበረም። ሕጉም ቢሆን ቅንጣት ያህል አልተጣሰም፤ ሞመንተሙ በመጠንም በአቅጣጫም እንደነበረ ነው፤ አካሉ ነው በእርሱ ዙሪያ የተጋደመው።

ስሕተቱ የስሌት ስሕተት አለመሆኑ ለመሐንዲስ ሊያሳስበው ይገባል። እኵልታው ልክ ነበር፤ «ግትር» የምትለዋ ቃል ናት ሳትመረመር ያለፈችው። ሰማይን ለሚመለከቱ ሰዎች ግን ነገሩ ያን ያህል እንግዳ አልነበረም፤ በጠፈር የሚሾር የጋዝ ደመና እርስ በርሱ እየተጋጨ ኤነርጂውን ሲያጣ፣ ሞመንተሙን እንደያዘ ጠፍጥፎ እንደ ምጣድ እንደሚዘረጋ ያውቃሉ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የሬዲዮ አስትሮኖሚ ሊቅ ሮናልድ ብሬስዌል ከኦወን ጋርዮት ጋር በዚያው በ1958 ኔቸር በተባለው መጽሔት ስለ ሰው ሠራሽ ሳተላይቶች ሽክርክሪት ጽሑፍ አውጥተዋል። ጋርዮት እ.ኤ.አ. በ1973 ራሱ ወደ ጠፈር ወጥቶ በስካይላብ ጣቢያ ሠርቷል። ምድርም ብትሆን ከዚህ ውጭ አይደለችም፤ በምድር ወገብ በኩል ያለው ራዲየሷ በዋልታ በኩል ካለው በ21 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ፣ የምትሾረው ኢነርሺያዋ ከሁሉ በሚበልጥበት ዘንግ ነው።

ከዚያ በኋላ የሳተላይቶች ቅርጽ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1963 የተላከው ሲንኮም 2 ስፋቱ 71፣ ቁመቱ 39 ሴንቲ ሜትር የሆነ አጭር ከበሮ ነበር፤ እንዲህ ያለ አካል በመሐል ዘንጉ ሲሾር፣ ኤነርጂ ቢያጣ እንኳ የሚሄድበት ሌላ ዘንግ የለውም። የሮኬት አፍንጫ ጠባብ በመሆኑ ረዣዥም ሳተላይቶች ያስፈልጉ ስለነበር፣ ቆየት ብሎ ከፊላቸው ብቻ የሚሾር፣ የማይሾረው ከፊል ደግሞ ውዝዋዜን የሚያረግብ መሣሪያ የያዘ ሳተላይቶች ተሠሩ፤ ይህም ራሱን የቻለ ሰፊ ርእስ ነው።

የኤክስፕሎረር 1 ሥራ በመጋደሙ አልከሸፈም። በጄምስ ቫን አለን መሪነት የተሠራው የጨረር መቍጠሪያው የላከው መረጃ፣ ከኤክስፕሎረር 3 መረጃ ጋር ተዳምሮ፣ ምድርን የከበቡትን የጨረር ቀለበቶች አስገኝቷል። ሬዲዮው በሜይ 1958 ዝም አለ። አካሉ ግን ድምፅ ሳይኖረው ምድርን ከ58,000 ጊዜ በላይ ከዞረ በኋላ፣ መጋቢት 22 ቀን 1962 ዓ.ም. አየር ውስጥ ገብቶ ተቃጠለ።