«የለም» ስንል ምን ማለታችን ነው?

በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር



አዘጋጅ ኮሚቴው «አስራ አምስት ደቂቃ አለሽ፣ የፈለግሽውን ተናገሪ» ሲለኝ ስለ ዶርም ሕይወታችን፣ ስለ አናቶሚ ክፍሉ ሽታና በፈተና ሰሞን ስለጠጣነው ቡና ላወራ አስቤ ነበር። እሱን ግን ከምሳ በኋላ እናንተው ታወሩታላችሁ። እኔ ዛሬ ይዤ የመጣሁት ከሃያ ዓመት በላይ ያልለቀቀኝን አንድ ጥያቄ ነው።

ጊዜው 1996 ዓ.ም. ነው፤ ኢንተርን ነኝ። በሴቶች ዋርድ ውስጥ አንዲት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ተኝታለች። መጀመሪያ አልማዝ ባለጭራ ወጣባት፣ ቀጥሎ ሳንባ ነቀርሳ ያዛት፣ ከዚያ ተቅማጡ አልቆም አለ። ምን እንደያዛት እሷም እኛም እናውቃለን። ያኔ ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በአገራችን በክፍያ መሰጠት ጀምሯል፤ በአስተማሪ ደመወዝ ግን የሚደፈር አልነበረም። ራውንድ ጨርሰን ስንወጣ እጄን ያዝ አድርጋ፣ «ዶክተርዬ፣ መድኃኒቱ ነው የሌለው ወይስ ለእኔ ነው የሌለው?» አለችኝ።

«የለም እኮ፣ እህቴ» ብያት ወጣሁ።

ሐምሌ ላይ አረፈች። ነፃ ሕክምናው የተጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። ስድስት ወር ብቻ ነበር የቀራት።

እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን ውሸት ነው የነገርኳት። መድኃኒቱ ነበር። ሦስት መድኃኒት አጣምሮ መስጠት ሕመሙን እንደሚገታ ዓለም ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ እሷ ከመሞቷ ስምንት ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ለአንድ ሰው የዓመት ዋጋው ግን ከ10,000 ዶላር በላይ ነበር። ለምን ያን ያህል ተወደደ? ለምንስ ያን ያህል ጊዜ ሳይረክስ ቆየ? ፋርማኮሎጂ ስንማር ይህን ማንም አላስተማረንም።

መልሱን ያገኘሁት በደቡብ አፍሪካ ታሪክ ውስጥ ነው። የአገሩ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1997 መድኃኒት በርካሽ ከውጭ ለማስገባት የሚያስችል ሕግ አወጣ፤ ኔልሰን ማንዴላም ፈረሙበት። በ1998 መጀመሪያ ላይ ወደ 40 የሚጠጉ የመድኃኒት ኩባንያዎች ተባብረው መንግሥቱን ከሰሱ። ከተከሳሾቹ መካከል የማንዴላ ስም ጭምር አለበት። ይሄ በአደባባይ የታየው ነው። በጎን ደግሞ በዋሽንግተን ሎቢ የሚሉት ጉትጎታ ይካሄድ ነበር። የኩባንያዎቹ ወኪሎች የሕግ አውጪዎችንና የንግድ ተወካዩን ቢሮ በር ሲያንኳኩ ከረሙ። ደቡብ አፍሪካ በአሜሪካ የንግድ ክትትል መዝገብ ላይ ሰፈረች። በዚያው በ1998 በወጣ የአሜሪካ የበጀት ሕግ ውስጥ ደግሞ አንዲት አንቀጽ ገባች፤ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ያ የመድኃኒት ሕግ እንዲሻር ምን እንዳደረገ ሪፖርት እስኪያቀርብ ድረስ ለደቡብ አፍሪካ መንግሥት የሚሰጥ እርዳታ እንዲያዝ የምታዝ። ልብ በሉልኝ፤ እዚህ ውስጥ ማንም ሰው «በሽተኞች መድኃኒት አያግኙ» ብሎ አልጻፈም። የተጻፈው ስለ ንግድና ስለ ፓተንት ነው።

ታዲያ ይህ ነገር እንዴት ተቀየረ? እሱም በጉትጎታ ነው። በደቡብ አፍሪካ ሕመምተኞች ራሳቸው «ትሪትመንት አክሽን ካምፔይን» በሚል ስም ተደራጅተው ሰልፍ ወጡ። በአሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ምክትል ፕሬዚዳንት አል ጎር ለምርጫ ሲወዳደሩ ተቃዋሚዎች በየሰልፋቸው እየተገኙ መግቢያ መውጫ አሳጧቸው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደቡብ አፍሪካ ከመዝገቡ ወጣች። በየካቲት 2001 ሲፕላ የተባለው የሕንድ ኩባንያ ሦስቱን መድኃኒት በዓመት በ350 ዶላር ለድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት አቀርባለሁ አለ፤ በቀን ከአንድ ዶላር በታች መሆኑ ነው። በሚያዝያ ኩባንያዎቹ ክሳቸውን አነሱ። በኅዳር የዓለም ንግድ ድርጅት አባላት ዶሃ ላይ ተሰብስበው የፓተንት ስምምነቱ አገሮች የሕዝባቸውን ጤና እንዳይጠብቁ ሊያግዳቸው እንደማይገባ በጽሑፍ አወጁ። ሞለኪውሉ ያው ነው፤ የተለወጠው በጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጡት ሰዎች ናቸው።

አሁን ወደ ማዕቀብ ልለፍ። ብዙዎቻችን ከኩባ ሐኪሞች ጋር አብረን ሠርተናል። በደርግ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆችም ለትምህርት ወደ ኩባ ተልከዋል፤ ሐኪም ሆነው የተመለሱ አሉ። እኔ «ጋሼ» የምላቸው አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከእነሱ አንዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1992 እና በ1993 ከ50,000 በላይ ኩባውያን የዓይንና የእጅ የእግር ነርቭ ሕመም ሲይዛቸው እዚያው ተማሪ ነበሩ። ጋዜጣ ማንበብ ያቃታቸው ሰዎች በክሊኒኩ በር ተሰልፈው እንደነበር ሲያወሩ ዛሬም ድምፃቸው ይለወጣል። ዋናው ምክንያት የምግብ እጥረት፣ በተለይም የቢ ቫይታሚኖች እጥረት ነበር፤ ሲጋራም አባብሶታል። ሶቭየት ኅብረት ፈርሳ የኩባ ንግድ የወደቀበት ጊዜ ነው። መንግሥቱ ለመላው ሕዝብ ቫይታሚን ማደል ከጀመረ በኋላ ወረርሽኙ ረገበ።

ጥፋቱ ሁሉ የማዕቀቡ ነው አልልም፤ የኩባ መንግሥትም የራሱ ድርሻ አለው። ግን አሜሪካ ለአስርት ዓመታት የቆየውን ማዕቀብ በአዲስ ሕግ ያጠበቀችው በዚያው ችግር መሐል፣ በጥቅምት 1992 ነው። ሕጉ መድኃኒት መሸጥን ይፈቅዳል። ነገር ግን መድኃኒቱ ለታሰበለት ሰው መድረሱ እዚያው በአካል መረጋገጥ አለበት ይላል። ለንግድ ኩባ ወደብ የገባ መርከብ ለ180 ቀን አሜሪካ ወደብ ጭኖ ማራገፍ አይችልም ይላል። በሌላ አገር ያሉ የአሜሪካ ኩባንያ ቅርንጫፎችም ከኩባ ጋር እንዳይነግዱ ይከለክላል። ይህን ሁሉ ያየ ነጋዴ ምን ያደርጋል? «ለዚች ትንሽ ገበያ ምን አለፋኝ» ብሎ ይተወዋል። ባንኩም እንዲሁ። በ2020 ኮቪድ በገባ ጊዜ ለኩባ የመተንፈሻ መሣሪያ ያቀርቡ የነበሩ ሁለት የስዊዘርላንድ አምራቾች በአሜሪካ ኩባንያ ስለተገዙ ሽያጩን አቋርጠዋል። እዚህም ቢሆን «መድኃኒት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት የለም። በሩ ክፍት ነው፤ መንገዱ ነው የተዘጋው።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ለ90 ቀን አቆመ። ጥቂት ቆይቶ ሕይወት አድን ሕክምና እንዲቀጥል ፈቃድ ሰጠ፤ የኤችአይቪ ሕክምናም ተፈቀደ ተባለ። ፈቃዱ ቢመጣም ገንዘቡ አብሮት አልመጣም፤ በብዙ አገር መድኃኒት የሚያጓጉዘው፣ መረጃ የሚመዘግበው፣ የቀሩ ታካሚዎችን የሚፈልገው ሠራተኛ ቤቱ ተቀመጠ። ያቺን አስተማሪ ያስታወስኩት ያኔ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልበል፤ ቅር የሚለው ካለ ይቅርታ። የውጭ ማዕቀብ ስናወግዝ የራሳችንን ቤት መዝለል አይገባንም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በትግራይ ኢንሱሊንና ጓንት ያለቀባቸው፣ ሐኪሞቻቸው «እርዱን» ብለው ደብዳቤ የጻፉ ሆስፒታሎች ነበሩ። ሐኪም ሆነን ያን ጊዜ ስንቶቻችን ድምፃችንን አሰማን? እኔ አላሰማሁም። ዛሬም ያሳፍረኛል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሦስት ነገር ልጠይቃችሁ።

የመጀመሪያው ለመምህራኖቻችን ነው። ተማሪው በታካሚው ካርድ ላይ «መድኃኒቱ የለም» ብሎ ሲጽፍ ለምን እንደሌለ አብሮ እንዲጽፍ አስተምሩልን። ዶላር ታጥቶ ነው? ጨረታው ዘግይቶ ነው? አምራቹ አልሸጥም ብሎ ነው? መንገድ ተዘግቶ ነው? ካለምክንያት የተጻፈ «የለም» ያልተመረመረ ትኩሳት ማለት ነው። ቀንና ምክንያት ያለው መዝገብ ግን አንድ ቀን ማስረጃ ይሆናል።

ሁለተኛው በውጭ አገር ለምትኖሩ ነው። የመረጣችሁት የሕግ አውጪ አለ፤ ቢሮውም ስልክ ያነሳል። ኩባንያው ሰው ቀጥሮ ይልክበታል። እናንተ ታካሚ አይታችሁ የምታውቁ ሰዎች ናችሁ፤ ደውሉ።

ሦስተኛው የሁላችንም ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን እ.ኤ.አ. በ2003 አመልክታ ስትደራደር ቆይታለች። እጅግ ድሃ የሚባሉት አባል አገሮች የመድኃኒት ፓተንትን እስከ ጥር 2033 ድረስ እንዳያስከብሩ ተፈቅዶላቸዋል። አዲስ ገቢ አገር ግን በድርድር ላይ እንዲህ ያለውን መብት አሳልፎ እንዲሰጥ ሊጠየቅ ይችላል። በዚያ ጠረጴዛ ላይ የቡናው፣ የባንኩና የቴሌኮሙ ሰው ይኖራል። የጤናውም ሰው መኖሩን የሚጠይቅ ማኅበር ያስፈልጋል። ይህ ማኅበራችን አንድ ደብዳቤ ጽፎ ቢጀምር ምን ይጎድልበታል? እኔ ረቂቁን ለማዘጋጀት ፈቃደኛ ነኝ፤ ከምሳ በኋላ ስማችሁን ልትሰጡኝ ትችላላችሁ።

ያቺ አስተማሪ ዛሬ ብትጠይቀኝ «አለ፤ አንቺ ጋ እንዳይደርስ ያደረገው ይሄ ይሄ ነው» እላት ነበር። በዚያ አትድንም ነበር፤ አውቃለሁ። ግን እውነቱን ልነግራት ይገባኝ ነበር።