ምልአተ ጉባኤ፦ ያልመጣው ሰው ድርሻ



በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ኖሮ የእድር ወይም የማኅበር ስብሰባ ያልተቀመጠ ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ሰብሳቢው አጀንዳ ከማንበቡ በፊት «ሞልተናል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ምልአት ከግእዙ «መልአ» የወጣ ቃል ነው፤ ትርጉሙም ሙላት ነው። ሕግ ግን ሙላትን በቁጥር ይወስናል፤ ቁጥሩም ብዙውን ጊዜ ከሙሉው ያነሰ ነው። እንግዲህ የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ያልመጣው ሰው በውሳኔው ውስጥ ምን ድርሻ አለው?

ከበላይ ሕጋችን እንጀምር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 58 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከግማሽ በላይ አባላት መገኘትን ይጠይቃል። አንቀጽ 59 ደግሞ በመርሕ ደረጃ ተገኝተው ድምፅ በሰጡት አብላጫ ይወሰናል ይላል። ከ547 መቀመጫዎች 274ቱ ከተሟሉና ሁሉም ድምፅ ከሰጡ፣ 138 ድምፅ ሕግ ያወጣል፤ ይህም ከጠቅላላው ሩብ ጥቂት ከፍ የሚል ነው። ሕገ መንግሥትን ለሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ግን አንቀጽ 64 የሁለት ሦስተኛ አባላትን መገኘት ያዛል።

«ታዲያ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ አይሻልም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። 100 አባላት ያሉትንና ምልአተ ጉባኤው 51 የሆነ ማኅበር እናስብ። ለመምጣት የተዘጋጁት 51 ናቸው፤ 40ዎቹ ሐሳቡን ይደግፋሉ፣ 11ዱ ይቃወማሉ። 11ዱ መጥተው ቢቃወሙ ይሸነፋሉ፤ ቤታቸው ቢቀመጡ ግን ስብሰባው ስለማይሞላ ያሸንፋሉ። ቁጥሩ ዝቅ ሲል ጥቂቶች በብዙዎች ስም ይወስናሉ፤ ከፍ ሲል ደግሞ ቀሪው ሳይናገር ይሽራል። እድሮቻችን ቀሪን የሚቀጡት ስለ ገንዘቡ ብቻ አይመስለኝም።

አንድ ጊዜ እኔም አባል በነበርኩበት ማኅበር ጠዋት የሞላው ስብሰባ ሲመሽ ከግማሽ በታች ሆኖ ሳለ፣ ከባዱ ጉዳይ በመጨረሻ ቀረበ። የጠዋቱን የስም መቆጣጠሪያ ተማምነን እጅ አወጣን፤ ቃለ ጉባኤውንም ፈረምኩ። በማግስቱ አንድ አባል «እኔ በሌለሁበት እኔን ቆጥራችሁ ወሰናችሁ» ሲሉኝ መልስ አጣሁ።

ስለዚህ ነገ የመተዳደሪያ ደንብ የምታረቅቁ ተማሪዎች ሦስት ነገር አስቡ። ቁጥሩ ከየትኛው አባል እንደሚሰላ በግልጽ ጻፉ። ቆጠራው በመክፈቻ ብቻ ሳይሆን ድምፅ ሊሰጥ ሲልም ይደረግ። ስብሰባው ካልሞላ፣ በሁለተኛ ጥሪ በስንት ሰው እንደሚካሄድ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ይህንንም በጥሪው ወረቀት ላይ አስፍሩት። ያን ጊዜ የቀረ ሰው መቅረቱ የሚያስከትለውን አውቆ ይቀራል፤ የመጣውም ሳይሳቀቅ ይወስናል።