ላሚቱ ምን በላች?

(በጅግጅጋ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት በተዘጋጀ የልማት ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በድርቁ ዘመን ከጅግጅጋ ወጣ ባለ አንድ ቀበሌ ለአርብቶ አደሮች ድርቆሽ አከፋፍለን ነበር። ስንት እስር እንደ ወጣ፣ ስንት አባወራ እንደ ፈረመ ቆጥረን ሪፖርታችንን ዘጋን። ከወራት በኋላ ስንመለስ አንዲት እናት እውነቱን ነገሩን። ድርቆሹን ሸጠው ለልጆቻቸው እህል ገዝተውበታል፤ ላሚቱ የከረመችው ከግራር በተቆረጠ ቅርንጫፍ ነው። እናቲቱ አልበደሉም፤ የተራበ ልጅ ይቀድማል። ጉድለቱ የእኛ ነው፤ የሰጠነውን ጻፍን እንጂ የተበላውን አልጠየቅንም።

እንስሳ ምን እንደ በላ ከገዛ አካሉ የሚነበብበት የሳይንስ ዘዴ አለ። ሥጋውም ፀጉሩም የሚሠራው ከምግቡ ነው። በምግብ ሁሉ ውስጥ ካርቦን ይገኛል፤ ካርቦንም ሳይለወጡ የሚኖሩ ሁለት ዓይነቶች፣ ማለትም አይሶቶፖች፣ አሉት። ከመቶ 99 ያህሉ ቀላሉ ካርቦን 12 ነው፤ አንድ እጅ ያህሉ ከበድ የሚለው ካርቦን 13 ነው። ዛፍና ቁጥቋጦ፣ ስንዴና ገብስም ከአየር ካርቦን ሲወስዱ ከባዱን አብዝተው ይተዋሉ። የቆላ ሣር፣ ማሽላና በቆሎ ግን ያን ያህል አይተዉም። ይህ ልዩነት ወደ በላተኛው አካል ይተላለፋል።

ዘዴው ወንዝና ባሕር በሚገናኙበት ሥፍራ ስለሚኖሩ ባለ ዛጎል እንስሳት ብዙ አስተምሯል። ኦይስተር ውኃ እያጠለለ ስለሚመገብ የሚበላው በዓይን አይለይም። በአጠገቡ የማንግሮቭ ዛፍ ቅጠሉን ሲያረግፍ የሚያይ ሰው ምግቡ ይኸው ነው ይላል። ሥጋው ሲመረመር ግን በብዙ ሥፍራ ዋና ምግቡ በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን አልጌዎች ሆነው ተገኝተዋል። በደጅ የተገኘ ሁሉ ተበልቷል ማለት አይደለም።

በጎረቤታችን በኬንያ ደግሞ የሳምቡሩ ዝሆኖች የጭራ ፀጉር ተመርምሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ታትሟል። ፀጉር ቀስ በቀስ ስለሚያድግ የወራት መዝገብ ነው። ዝሆኖቹ በደረቁ ወራት ቅጠል፣ ዝናብ ከጣለ በኋላ ደግሞ አዲስ ሣር መብላታቸው በቅደም ተከተል ታይቷል። የእኛም ላም ጭራ አላት። የካረን ዝናብ ወራትና በጋው በላዩ ተጽፈዋል፤ ያቺ ላም የሣር ድርቆሽ ሳይሆን የግራር ቅጠል መብላቷን ጭራዋ ይመሰክር ነበር።

ዘዴው ወሰን አለው። በካርቦን ልኬት ብቻ የማሽላ አገዳ ከሣር፣ የስንዴ ጭድም ከግራር ቅጠል አይለይም። በሐረርና በጅግጅጋ መካከል የምናየው የበለስ ቁልቋልም በልኬቱ ሣር ይመስላል። ስለዚህ አካባቢውን የሚያውቀው አርብቶ አደር ካልተጠየቀ ቁጥሩ ያሳስታል።

አባቶችና ወንድሞች፣ እኅቶችም፤ መሣሪያው ውድ ነውና ሰበካ ጉባኤ እንዲገዛ አንጠይቅም። የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ መኖ ከመምጣቱ በፊት በቤቱ ያለው እንስሳ የትኛው እንደ ሆነ ይጠየቅ፤ ላም ሣር ትግጣለች፣ ግመልና ፍየል ግን አብዝተው ቅጠል ይቀነጥባሉ። ሁለተኛ፣ ለልጆች እህል ባልተረፈበት ቤት መኖ ብቻ አይሰጥ። ሦስተኛ፣ ከተከፋፈለ በኋላ ሃይማኖት ሳንለይ ወደ ረዳናቸው ቤቶች ሁሉ እንመለስ፤ የምንመለሰውም ለመክሰስ ሳይሆን ለመስማት ይሁን።

ከእንግዲህ የሰጠነው ከሚጻፍበት መስመር በታች አንድ መስመር ይጨመር፤ ላሚቱ ምን በላች?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።