የደም መጣጩ ታሪክና የአንባቢው ፍርድ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ደም መጣጭ፣ ይኸውም አውሮፓውያን ቫምፓየር ስለሚሉት ፍጡር፣ በዚህ ጉባኤ ፊት መናገሬ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። ምክንያቴን አስቀድሜ ልግለጽ። አንዲት የጎረቤት ልጅ በፊልም ያየችውን የቫምፓየር ታሪክ ካለቀበት አንሥታ ተከታዩን በራሷ እጅ ጽፋ፣ «ይዩልኝ» ብላ ደብተሯን ሰጠችኝ። በሦስተኛው ገጽ ላይ አንገት ይቆረጣል፤ በአራተኛው ደም በጽዋ ይቀዳል። አምስተኛውን አልገለጥሁም። «ደም በዛበት» ብዬ መለስሁላት። እርሷም በትሕትና፣ «ጋሼ፣ የበዛው የትኛው ቦታ ላይ ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሌላው የፈጠረውን ገጸ ባሕርይ ወስዶ ታሪኩን መቀጠል፣ ዛሬ ፋን ፊክሽን የሚባለው፣ አዲስ ነገር አይደለም። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።) የባለቅኔው የባይሮን ሐኪም የነበረው ጆን ፖሊዶሪ፣ ባይሮን በ1816 ጀምሮ ከተወው ቁራጭ ታሪክ ተነሥቶ «ዘ ቫምፓየር» የተባለውን ልብወለድ ጻፈ። በ1819 ለንደን ውስጥ የታተመው ግን በባይሮን ስም ነበር፤ ባይሮንም የእኔ አይደለም አለ። በተከታዩ ዓመት ፈረንሳዊው ሲፕሪየን ቤራር የፖሊዶሪን ገጸ ባሕርይ ወስዶ ባለሁለት ቅጽ ተከታይ አወጣ። ሁሉም ደራሲ ይህን አይወድም፤ አን ራይስ በ2000 አንባቢዎቿ በእርሷ ገጸ ባሕርያት እንዳይጽፉ በይፋ ጠይቃ ነበር።

ይሁን እንጂ ስለዚህ ጉዳይ ባሰብሁ ቁጥር ወደ ልቤ የሚመጣው በብዕር ያልተጻፈ ተከታይ ታሪክ ነው። በሴፕቴምበር 1954፣ በስኮትላንዷ ከተማ በግላስጎው፣ ጎርባልስ በተባለው የድሆች ሰፈር፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሕፃናት ዱላና ቢላዋ ይዘው ወደ መቃብር ሥፍራ ጎረፉ። የሚያድኑት ቁመቱ 7 ጫማ የሆነ፣ የብረት ጥርስ ያለው ቫምፓየር ነበር። ሁለት ልጆችን ገድሎ በልቷል ተብሎ ተወርቷል። ከመቃብሩ ባሻገር የብረት ማቅለጫው ሰማዩን በጢስና በቀይ ብርሃን ይሞላዋል፤ ለእንዲህ ያለ ታሪክ ከዚህ የተሻለ መድረክ የሚገኝ አይመስለኝም። የጠፋ ልጅ ግን አንድም አልነበረም።

አዋቂዎቹ ጥፋተኛውን ለማግኘት አልዘገዩም፤ ከአሜሪካ የሚመጡት ዘግናኝ ሥዕላዊ መጽሔቶች ናቸው አሉ። በመጽሔቶቹ ላይ ዘመቻው ቀድሞ የተጀመረ ቢሆንም፣ የግላስጎው ወሬ አባባሰው፤ በ1955 የብሪታንያ ምክር ቤት ለልጆች ጎጂ ናቸው የተባሉ ኅትመቶችን የሚከለክል ሕግ አወጣ። (አሜሪካኖቹ አሳታሚዎች ራሳቸው በ1954 ባጸደቁት ደንብ ቫምፓየርን ከሥዕላዊ መጽሔት አስወጥተውት ነበር፤ በ1971 መልሰው አስገቡት።) ነገር ግን የብረት ጥርስ ያለው አውሬ በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 7 ውስጥ አለ። የብረት ጥርስ ስላላት ሴት የሚናገር የስኮትላንድ ግጥምም በትምህርት ቤት ይጠና ነበር። ከመጽሔት ያገኙትም ይኖሩ ይሆናል። በእኔ ግምት ሕፃናቱ ከዚህም ከዚያም የለቀሙትን ይዘው በገዛ ሰፈራቸው ላይ አዲስ ታሪክ ደረሱ፤ በታሪኩም ውስጥ ለራሳቸው የሰጡት ቦታ የታዳኙን ሳይሆን የአዳኙን ነው። ጥርሱን ብቻ የተመለከተ ሰው ይህን አያይም።

ዛሬ ፋን ፊክሽን ጸሐፊዎች ዘንድ የተለመደ አንድ ሥርዓት አለ። በ2009 ለሕዝብ በተከፈተው፣ አርካይቭ ኦቭ አወር ኦውን በተባለው ማኅደር፣ ጸሐፊው ከታሪኩ በፊት ማሳሰቢያ ያኖራል፦ ዘግናኝ ጭካኔ አለበት፣ ወይም ዋናው ገጸ ባሕርይ ይሞታል። ማሳሰቢያ ለመስጠት ካልፈለገም ያንኑ በግልጽ ያስታውቃል። እኔ ይህን ሥርዓት እወደዋለሁ። ወዶ የገባ አንባቢ «ደም አለ» ብሎ ሊከስ አይችልምና ክሱን ወደ ሌላ ያዞራል፤ ይህ ሞት ለዚህ ሰው ይገባው ነበርን? ይህስ ጭካኔ ከሰውዬው ጠባይ የመጣ ነው ወይስ ከጸሐፊው ስንፍና? በአንጻሩ፣ አንድን ገጸ ባሕርይ በጋራ የሚወድዱ ሰዎች መካከል ምስጋና ይበረክታል፤ ሐቀኛ ነቀፋ ይጠፋል። ማሳሰቢያ መጻፉም ጸሐፊውን ከነቀፋ ነጻ አያወጣውም።

ደብተሩን መልሼ ለመንሁና እስከ መጨረሻው አነበብሁት። ደሙን በጽዋ የምትቀዳው እናት ናት፤ ቫምፓየር የሆነውን ልጇን ሰው እንዳይገድል በገዛ ደሟ ትመግበዋለች። ይህን ሳላውቅ ነበር የፈረድሁት። ደም የበዛበትን ቦታም አገኘሁት፤ በአሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ሦስት ሰዎች በአንድ ዓይነት ቃላት ይገደላሉ፤ ለአንዳቸውም የሚያለቅስ የለም። ይህን ስነግራት ጥቂት አሰበችና አሥራ አንደኛውን ገጽ እንደገና ለመጻፍ ተስማማች።

ሦስተኛውን ገጽ ግን አልነካም አለች።