«ስንት ናችሁ?» ያልተባሉት ከተሞች
(በከተሞች ዕድገት ላይ በተደረገ ውይይት ከቀረበ ንግግር)



ስለ ከተማ ዕድገት ተናገር ስባል ሐሳቤ ወደ አዲስ አበባ አልሄደም። ስለ አዲስ አበባማ ተናጋሪው ሞልቷል! እኔ የማወራችሁ ከሐረር ተነስታችሁ፣ በባቢሌ አልፋችሁ፣ ካራማራን ስትወርዱ ስለምታገኟት ጅጅጋና ስለ ጎረቤቶቿ ነው።

መጽሐፍ የሚለውን እናውቃለን። ገበሬው መሬት ይጠበዋል፣ ከተማ ውስጥ ፋብሪካ ይከፈታል፣ ልጁ ጓዙን ይዞ ይመጣል። ማንችስተር እንዲህ አደገች ተብለን ተምረናል። ታዲያ ጅጅጋን የሞላው ሰው የየትኛው ፋብሪካ ጢስ ጠራው? ብዙው የመጣው ከብቱ ስላለቀበት ወይም ቤቱ ስለተቃጠለበት እኮ ነው።

ሐርሺንና ሐርቲሼክ ያሉበትን የሃውድን ሜዳ ያየ ይህ ይገባዋል። ወንዝ የለም፤ ጉድጓድ ቢቆፈርም ውሃው ሩቅ ነው። ስለዚህ ሰው ቢርካ ይሠራል፤ መሬት ቆፍሮ በሲሚንቶ ለስኖ የዝናብ ጎርፍ የሚያጠራቅምበት ገንዳ ማለት ነው። ድሮ ዝናብ ሲያልቅ ሰውም ከብትም ወደ ሌላ ቦታ ይሄድ ነበር። ባለ ቢርካው ግን ይቀራል። ከዚያ አንዷ ሻይ ታፈላለች፣ ሌላው ሱቅ ይከፍታል፣ ጫት የጫነች መኪና መቆም ትጀምራለች፣ ቁርዓን የሚያስቀራ ሼህ ይመጣል። መንደር ሆነ! ግጦሹ ግን በእሾህ አጥር እየተከለለ ግመል የሚነዳው መሄጃ ያጣል። ዝናብ ሲጠፋ ቢርካው ይደርቅና ውሃ በቦቴ መጥቶ በገንዘብ ይሸጣል። ገንዘቡ የሚገኘው ከብት ተሽጦ ነው። በድርቅ የከሳ ከብት ደግሞ ማን ይገዛል? ሰውየው በመጨረሻ ባዶ እጁን ጅጅጋ ይገባል።

ሐርቲሼክን ደግሞ ጦርነት ነው ያሳደጋት። በ1980 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ ጦር ሐርጌሳን ሲደበድብ ሕዝቡ ድንበር ተሻግሮ እዚያ ሰፈረ። ከ250 ሺህ በላይ ሰው! በዘመኑ የዓለም ትልቁ የስደተኞች ካምፕ ተባለ። ውሃው ከጀረር ሸለቆ በቦቴ ይመላለስ ነበር፤ ካምፑ የኮንትሮባንድ ገበያ ሆኖ ቴፑም ልብሱም እንደ ጉድ ተቸበቸበበት። በ1996 ካምፑ ተዘጋ፣ ገበያውም ቀዘቀዘ። ያን የቦቴ ውሃ ለምዶ የነበረው የአገሬው ሰውስ? እሱን የጠየቀው የለም።

በ2009 መጨረሻና በ2010 መጀመሪያ ደግሞ ከኦሮሚያ የተፈናቀሉ ሶማሌዎች ባቢሌ አጠገብ ቆሎጂ ላይ ሰፈሩ። በዚያው ግጭት ከሶማሌ ክልል የተባረሩ ኦሮሞዎችም ብዙ ናቸው። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ጅጅጋ ራሷ ስትነድ፣ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ፣ ስንቱ ዕድሜውን ከኖረባት ከተማ ሸሸ!

ቆሎጂ ላይ አንዲት እናት በአስተርጓሚ አነጋግሬ ነበር። እንደ አገሩ ልማድ «ሆዮ፣ መቼ ይመለሳሉ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ እዚህ የተወለደው የልጅ ልጄ ትምህርት ጀምሯል፤ ወዴት ነው የምመለሰው?» አሉኝ። በመዝገብ ግን ዛሬም «ተፈናቃይ» ናቸው።

እዚህ ላይ ነው ንዴቴ። ፊታውራሪ ተክለሐዋርያት ከመቶ ዓመት በፊት በካሬ የከፈሏት ጅጅጋ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ቆጠራ 65,795 ሰው ነበራት። በ2007 ቆጠራ 125,876 ሆነች። በአሥር ዓመት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው! የተባበሩት መንግሥታት ባወጣው ግምት ከዓለም ሕዝብ ግማሹ ከተሜ የሆነውም ያኔውኑ፣ በ2007 ገደማ ነው።

ከዚያስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄድ ይላል። በ2010 ዓ.ም. መደረግ የነበረበት ተራዘመ፤ በ2011 እንደገና ተራዘመ። ምክንያቱ ምን ተባለ? ፀጥታ፣ እንዲሁም የተፈናቃይ ብዛት! ሰው በመፈናቀሉ ሳይቆጠር ቀረ ማለት አይደል እንዴ? ባልተቆጠረበት ቦታ የቧንቧው ስፋት፣ የመማሪያ ክፍሉ ብዛት፣ የክልሉ ድጎማ በምን ይሰላል?

ሹማምንቱ ስለ ጅጅጋ ማስተር ፕላን ሲያወሩ ስሰማ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ቆሎጂ ያሉት እናት በየትኛው መስመር ላይ ናቸው?