ባሚያና ጥላ፦ ማዳበሪያ ከመጨመራችን በፊት ቀና ብለን እንይ



በአሶሳ ዙሪያ ማንጎና ባሚያ በአንድ ጓሮ መገናኘታቸው የተለመደ ነው። የዛሬው ጉዳያችንም ከዚያው ይጀምራል።

ጥላ ሥር የበቀለ ባሚያ ያታልላል። ይመዘዛል፣ ቅጠሉ ይሰፋል፣ ላየው ሰው «ቦታው ተስማምቶታል» ያሰኛል። ነገር ግን ባሚያ አበባና ፍሬ የሚይዘው ቅጠሉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት አንጓ ላይ ነው። ተክሉ ብርሃን ፍለጋ ሲመዘዝ በአንጓና በአንጓ መካከል ያለው ርቀት ይረዝማል። ምግቡን የሚያዘጋጅበት ብርሃን ስለሚያንሰው ደግሞ አበባው ይዘገያል፣ ቁጥሩም ይቀንሳል። ግንዱ ስለሚቀጥን ንፋስ በቀላሉ ይጥለዋል።

እኔ ራሴ ሥራ በጀመርኩበት ወቅት እንዲህ ያለ ባሚያ አይቼ ዩሪያ እንዲጨመርበት መክሬ ነበር። ቅጠሉ ይበልጥ ለመለመ፣ ፍሬው ግን እዚያው ነው። የአርሶ አደሯ ገንዘብ ባከነ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ መሬቱን ስመረምር ከራሴ በላይ ያለውን ማንጎ አላየሁም።

ባሚያ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ቢቻል 8 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ከመዝራታችሁ በፊት፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን፣ ልትዘሩ ባሰባችሁበት ቦታ ካስማ ትከሉ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታ 11 ሰዓት ድረስ በየሰዓቱ እያያችሁ ፀሐይ ያረፈበትን ቁጠሩ። ልጆችም ሊቆጥሩላችሁ ይችላሉ።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንስተው ነገር አለ። ጥላ እንደ ወቅቱ ቦታውን ይቀይራል። በእኛ አካባቢ በሰኔና በሐምሌ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናታችን ጥቂት ወደ ሰሜን ትሆናለች፤ የዛፉ ጥላ በደቡብ በኩል ይወድቃል፣ አጭርም ነው። በታኅሣሥ ግን ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ያኔ 10 ሜትር ቁመት ያለው ማንጎ እኩለ ቀን ላይ ወደ ሰሜን 6 ሜትር ተኩል ያህል ጥላ ይጥላል፤ ጠዋትና ማታማ ከዚያም ይረዝማል። በክረምት ጥሩ ያፈራ መደብ በበጋ መስኖ ላይ የሚያሳፍረን በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለበጋ መስኖ ከዛፉ በስተሰሜን ያለውን ቦታ ተዉት፤ ካስማውንም በዘራችሁ ቁጥር እንደገና ትከሉ።

ማሽላም እንደ ዛፍ ያጠላል። ማሽላው ከፍ ካለ በኋላ መሐሉ ባሚያ መዝራት ዘር ማባከን ነው። አብራችሁ የምትዘሩ ከሆነ ባሚያው በማሳው ጠርዝ ይሁን።

ለባሚያ ብላችሁ ማንጎውን ቁረጡ አልልም። ዝቅ ያሉትን ቅርንጫፎች መግረዝ ይረዳል። ከፊል ጥላ የሚያርፍበትን ቦታ ደግሞ ለዝንጅብል ስጡት፣ እሱ ይችለዋል።

ባሚያ ጥላ የሚያስፈልገው ከተቀጠፈ በኋላ ነው። ፀሐይ ላይ የቆየ ቶሎ ይጠወልጋል፤ ጠዋት ቀጥፋችሁ ወዲያውኑ ማንጎው ሥር አኑሩት።

አሁን ካስማችንን ይዘን ወደ ማሳው እንውጣ።